ከሰሌዳው ያወጣኋቸው ሰው

ቅናተኛ ነኝ። ሰው ሳይነግርብኝ እኔው ልናገረው ብዬ ነው። ልጅ ሳለሁ ለታናሽ እህቴ አዲስ ጫማ ከተገዛላት ሁለት ቀን እህል አልቀምስም ነበር ይላሉ። እኔ አላስታውሰውም፣ ግን አልክድም። ሳድግ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አርባ አራት ዓመቴ ላይ ግን በአንዲት የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ያውም በሰሌዳ ምክንያት፣ ጨርቄን ልጥል ደረስኩ።

ሰሌዳ ስል የትምህርት ቤቱን አይደለም። የምሠራው ዊንጌት አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ነው። የኩሽና ካቢኔት፣ ቁምሳጥንና በር እንሠራለን። አሥራ አራት ሰዎች ነን። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ኢንጂነር የምንለው ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራችንን ሁሉ በኮምፒውተርና በስልክ አንድ ላይ የምናይበት ፕሮግራም አስገባ። ስሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኛ ሰሌዳው አልነው፣ በዚያው ቀረ። እያንዳንዱ ሥራ እንደ ትንሽ ካርድ ይቀመጣል፤ የማን ቤት እንደሆነ፣ ልኬቱ፣ ቀለሙ፣ መቼ እንደሚገጠም ይጻፍበታል። ሥራው ሲያልቅ ካርዱ ጎን ያለችውን ክብ ሲነኳት አረንጓዴ ምልክት ታወጣለች።

ታዲያ ሁሉም ሰው እኩል አይነካውም። አድሚን የሚባለው ሰው ያስገባል፣ ያስወጣል፣ ይሰርዛል። ሜምበር የሚባለው የራሱን ሥራ ይነካል፣ ጨርሻለሁ ብሎ ምልክት ያደርጋል። ቪወር ደግሞ ያያል እንጂ አይነካም። ኢንጂነር ሰሌዳውን ባስገባ ሰሞን ጊዜ ስላልነበረው እኔን አድሚን አደረገኝና "እንደፈለግሽ አድርጊው" አለኝ። እኔም እንደፈለግሁ አደረግሁት። ራሴን አድሚን፣ የቀረውን ሠራተኛ ሁሉ ቪወር።

ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሲኖር "ሥራ እንዳይምታታ ነው" እል ነበር። ውሸቴን ነው። ሰው ወደ ጠረጴዛዬ እንዲመጣ ነው። ጣውላ ቆራጩ "እትዬ፣ ይቺን ጨርሻለሁ፣ ንኪልኝ" ይላል። ቀለም ቀቢው በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "የእኔንም" ይላል። እኔ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ "ቆይ፣ ተራህን ጠብቅ" እላለሁ። ኢንጂነር ራሱ "ያ የባለ ፎቁ ሥራ የት ደረሰ?" ሲል ከእኔ ሌላ መልስ የሚሰጠው የለም። ሰው ሲፈልጋችሁ ደስ አይላችሁም? እኔን ደስ ይለኛል። ቤቴ ስገባ የሚጠብቁኝ እህቴና ቴሌቪዥኗ ናቸው፣ ሁለቱም ቀና ብለው አያዩኝም።

ከሁሉም በላይ ግን ጋሼ ነበሩልኝ። ጋሼ ዋናው አናጺያችን ናቸው። ስድሳን አልፈዋል። ቀጨኔ ተወልደው ቀጨኔ የሚኖሩ፣ ድሮ በዋንዛና በጽድ የሠሩ፣ አሁን ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ እንጨት "ይሄ ካርቶን" እያሉ የሚሠሩ ሰው ናቸው። እሳቸው የገጠሙት በር ሲዘጋ ድምፅ የለውም። ዳዊት ደግመው ያደጉ ስለሆኑ አማርኛ ከእኔ በላይ ያነባሉ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ግን እኔ በእንግሊዝኛ ስለምጽፈው አያነቡትም። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጡና "በይ ልጄ፣ ዛሬ ምን ጻፉብኝ?" ይላሉ። አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ልኬቱን በእርሳስ ቁራጭ ጣውላ ላይ ይጽፉታል። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሰፈራቸው መንገድ መቆፈር፣ ስለ አንዱ አስቸጋሪ ደንበኛ ትንሽ እናወራለን። አሥር ደቂቃ ናት፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት። አባቴ የሞተው ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጄ የሚለኝ ሰው ማግኘት ለእኔ ምን እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለምን በአማርኛ አትጽፊውም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ልማድ ነው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ።

ልጅቷ የመጣችው ከመስቀል በኋላ ነው። ኢንጂነር ይዟት ገባና "ሥራውን ታሳልጥልናለች፣ ኮምፒውተር የተማረች ናት" አለ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለች፣ ሲያዩዋት ምንም የማትከብድ ልጅ ናት። "እንደምን አደሩ እትዬ" አለችኝ። እርስዎ ማለቷ ነው። ሌላው ሁሉ አንቺ የሚለኝን፣ እሷ ገና በሩ ላይ ቆማ አሮጊት አደረገችኝ። ያኔውኑ ጠመድኳት። ሥነ ሥርዓት ያላት ልጅ ስለሆነች ነው እርስዎ ያለችኝ፣ አውቀዋለሁ። ግን ቅናት እኮ ማወቅ አይፈልግም።

ኢንጂነር እሷንም አድሚን አደረጋት። ሁለት አድሚን ሆንን። እኔ በሆዴ "አንድ ወር ትቆያለች" እያልኩ ስጠብቅ እሷ ዝም ብላ ትሠራ ነበር። ከመጽሐፍ የወጣች ይመስል አትቸኩልም፣ አትጮህም። መጀመሪያ እያንዳንዱን ሰው ሥራው ቦታ ድረስ ሄዳ "ምን ምን ነው የሚሠሩት?" ብላ ጠየቀች። ቀጥላ ካርዶቹን በሙሉ ወደ አማርኛ ቀየረቻቸው። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ኢንጂነር በተቀመጠበት፣ "እትዬ፣ ሰዎቹ ሁሉ ቪወር የሆኑበት ምክንያት አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ጥያቄ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

"እንዳይምታታ ነው" አልኩ።

"እኔ እኮ አስቤው አላውቅም" አለ ኢንጂነር። "የራሱን ሥራ ራሱ ምልክት ቢያደርግ ምን አለበት?"

ምንም የለበትም። ሁሉም ሜምበር ሆነ። በሳምንቱ ጠረጴዛዬ ጋ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ቆራጩ በአጠገቤ ሲያልፍ ስልኩን ከፍ አድርጎ "እትዬ፣ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም" ይለኛል፣ ደስ ያሰኘኝ መስሎት። እኔ ጥርሴን ነክሼ "እሰይ" እላለሁ።

ጋሼን ግን አትነጥቀኝም ብዬ ነበር። ጋሼና ስልክ አይተዋወቁም። ልጃቸው የሰጣቸውን ስልክ ሲደወልላቸው ብቻ ነው ከኪሳቸው የሚያወጡት። ልጅቷ ግን ምሳ ምሳ ላይ፣ ከጣውላው ክምር አጠገብ፣ እግራቸው ሥር በሚባል ሁኔታ ቁጢጥ ብላ ታስተምራቸው ጀመር። እኔ በመስኮት አያለሁ። እሳቸው ጣታቸውን አንስተው ስክሪኑን ሊነኩ ሲሉ ይፈራሉ። እሷ ትስቃለች፣ እሳቸውም ይስቃሉ። አንድ ቀን የመጀመሪያዋን አረንጓዴ ምልክት አወጡ። ከክፍሌ ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁት። "አየሽ ልጄ፣ እሺ አለኝ" አሏት።

ልጄ አሏት። ያቺ ቃል የእኔ ነበረች። አንድ ሰው ስንቱን ልጄ ማለት እንደሚችል አላውቅ ይሆን? በዚያ ሰዓት ግን መስኮቱን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ጠዋት ጠዋት ሲገቡ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው "ደህና አደርሽ" ይሉኝና ወደ ሥራቸው ያልፋሉ። ጨዋ ናቸው፣ ሰላምታ አላጓደሉብኝም። ዱካዋ ግን ባዶዋን ዋለች። አንድ ሁለቴ "ጋሼ፣ ዛሬ አላነብልዎትም?" ብዬ ሞከርኩ። "አንብቤዋለሁ ልጄ፣ አንቺም እረፊ እስቲ" አሉኝ። ለእኔ ማሰባቸው ነው። ቆይቼ የምነግራችሁን ነገር ሳደርግም የማስበው ይህንኑ ነበር፤ ሰውየው ለእኔ ያሰቡ መስሏቸው እኔን ተዉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ኢንጂነር አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ኢንጂነር ደግ ሰው ነው፣ ግን ሰው ፊት ለፊት አይናገርም። ይሉኝታው ይገድለዋል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀለም ቀቢ ማሰናበት ፈልጎ ሦስት ሳምንት ከዛሬ ነገ ሲል ከረመና፣ አንድ ቀን "እስቲ ከሰሌዳው አውጪው" አለኝ። አወጣሁት። ልጁ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ ሰሌዳው አልከፍት ሲለው "ኔትወርክ ነው?" ብሎ መጣ። "ኢንጂነርን ጠይቀው" አልኩት። አልጠየቀውም። ገባው። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ከሰሌዳው መውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልተናገረውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

እኔም አውቀዋለሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት። ቢሆንም እንደዚያ ይሆናል አላልኩም፤ እግዚአብሔር ያያል።

ሐሙስ ቀን ነው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ሰዉ መውጣት ጀምሯል፣ የዊንጌት ተማሪዎች መንገዱን ሞልተውታል፣ ጩኸታቸው እስከ ክፍሌ ይሰማል። ልጅቷ ለጋሼ አንድ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ስትሰጣቸው አየሁ። ስልኩ ላይ የትኛውን መንካት እንዳለባቸው በሥዕል ሠርታላቸዋለች። ጋሼ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ሰው ነገር በሁለት እጁ ሲቀበል አይቼ የዚያን ቀን ያህል ተቃጥዬ አላውቅም። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ የጋሼን ስም ፈለግሁ፣ "አስወጣ" የሚለውን ነካሁት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ያሰብኩት ይህ ነበር። ጠዋት ስልካቸው እምቢ ይላቸዋል። ወዴት ይመጣሉ? ወደ እኔ። ዱካዋ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ "አይ ጋሼ፣ ይሄ አዲሱ አሠራር እኮ አንዳንዴ ይበላሻል፣ ይልቅ እንደ ድሮው ላንብብልዎ" እላለሁ። በአንድ ድንጋይ ልጅቷንም አሳጣታለሁ፣ ጋሼንም አገኛለሁ። ምን ያህል ብልጥ እንደሆንኩ እያደነቅሁ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ ጠዋት ገና ሳልወጣ ኢንጂነር ደወለ። ሽሮ ሜዳ አንድ ደንበኛ ቤት ቀጥታ ሄጄ ዕቃ እንዳስረክብ ነው። ሄድኩ። ደንበኛዋ ደግሞ ከመኝታቸው አልተነሡም፣ ቆይተው ተነሡ፣ የካቢኔቱን ቀለም በብርሃንም በጨለማም ካላየሁ አልፈርምም አሉ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ትዝ አሉኝ። ስልክ ደውዬ "ቆዩኝ፣ እመጣለሁ" ማለት እችል ነበር። ስልኬ እጄ ላይ ነው። አልደወልኩም። ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ትንሽ ይፈልጉኝ አልኩ። ልቤ እንደዚያ ነበር፣ ምን ልበላችሁ።

ቢሮ የተመለስኩት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቆራጩን "ጋሼ አልፈለጉኝም?" አልኩት።

"ፈልገውሻል እንጂ" አለኝ። "ጠዋት መጥተው ዱካዋ ላይ ብዙ ተቀመጡ። ምነው ስላቸው 'ግድ የለም፣ ሥራ ላይ ናት' አሉኝ።"

አያችሁ የሰው ልብ፤ ደስ አለኝ። ብዙ ተቀመጡ መባሉ ደስ አሰኘኝ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የዕቃ ሳጥናቸውን ይዘው ወጡ። ገጠማ የሄዱ መሰለን።"

ክው አልኩ። ጋሼ ወደ ገጠማ ሲሄዱ የሚይዙት የድርጅቱን ዕቃ ነው። ያቺ ሳጥን የራሳቸው ናት። ውስጧ ያሉትን መሮዎችና መላጊያ ከአባታቸው የወረሷቸው ናቸው። ካስገቧት ጀምሮ ከሥራ ቦታቸው ተንቀሳቅሳ አታውቅም። ሮጬ ሄጄ ቦታዋን አየሁ። የሳጥኗ ቅርጽ በእንጨት ብናኝ መሃል ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል።

ኢንጂነር ወጣና "ጋሼ ስልካቸው ዝግ ነው፣ ታመው ይሆን እንዴ? ሰኞ ያንን ትልቁን ቤት ከእሳቸው ሌላ ማን ይገጥመዋል?" አለ። ፊቱ ተጨንቋል። "ቤታቸውን አውቀዋለሁ፣ ሄጄ አያለሁ" አልኩ። ከመውጣቴ በፊት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ጋሼን ወደ ሰሌዳው መለስኳቸው። ቸኩዬ ስማቸውን ሁለት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩት።

የቀጨኔን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ያቺ መንገድ በደህናው ቀን እንኳን ትንፋሽ ታስጨርሳለች። ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው መሮ ይስላሉ። ሳጥኗ አጠገባቸው ተከፍታለች። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። ለእኔ። ከመቀመጫቸው ተነሡልኝ።

ባለቤታቸው ውኃ ይዘውልኝ ወጡና "ዛሬ ዕረፍት ሰጡኝ ብለው ነው የመጡት" አሉኝ። "ያቺን ስልካቸውን ማታ ማታ ያሳዩኛል እኮ። ዛሬ ይሄን ይሄን ጨርሻለሁ ይሉኛል፣ አረንጓዴ አረንጓዴውን። አርባ ዓመት ሲሠሩ ምን እንደሚሠሩ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።" ስቀው ወደ ቤት ገቡ። እኔ ውኃውን ይዤ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ማንም አላባረርዎትም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፣ ማንም ሂድ አላለኝም" አሉ መሮውን እያዩ። "ለመናገር አፍረው ነው። ለዚያ ልጅ የሆነውን አይቻለሁ። አንቺም ዛሬ ከመንገድ የጠፋሽው ከዓይኔ ላለመግጠም ነው፣ አልፈረድኩብሽም። እነሱ ካፈሩ እኔ ደግሞ ለምን ጠይቄ ላሳፍራቸው ብዬ መጣሁ።"

"እኔ ነኝ ያወጣሁዎት።"

"ታዘሽ ነዋ።"

"ማንም አላዘዘኝም። ቀንቼ ነው።"

መሮውን አስቀመጡት። "በማን?" አሉኝ።

በልጅቷ ልላቸው ነበር። አፌ ግን "እኔ ጋ መምጣት ስላቆሙ" አለ። ከዚያ አለቀስኩ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ በሰው ግቢ ቆሜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ጋሼ መሮዎቻቸውን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኗ መለሱ። ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ "ለኢንጂነር ነግረሽዋል?" አሉ።

"አልነገርኩም።"

"እንግዲያው አትንገሪ። እኔ ስልኩን ስነካካ ወጣሁ እላለሁ። የእኔ ይታመናል።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን ዳገቱን ወርጄ ታክሲ ተራ እስክደርስ እንኳን አላፈርኩበትም፣ ገላገሉኝ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም በትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን የሳምንቱን ሥራ እናወራለን፤ የቤቱ ልማድ ነው። ጋሼ ሳጥናቸውን ተሸክመው ገቡና ኮፍያቸውን አወለቁ። "ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉ። "ስልኩን ስነካካ ራሴን ከሰሌዳው አወጣሁት። የተሰናበትኩ መሰለኝና ተከፋሁ። የሽማግሌ ነገር።"

ሳቅ ሆነ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ እፎይ ያለ ሳቅ ነው። ቆራጩ "ጋሼ፣ በመሮ ነው እንዴ የነኩት?" አለ። ጋሼም አብረው ሳቁ። ኢንጂነር ትከሻቸውን ይዞ "እኛ እርስዎን? እንዴት ያስባሉ?" አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "በቃ ቪወር አድርጊያቸው፣ ድጋሚ እንዳይበላሽባቸው። እንደ ድሮው አንቺ ታነቢላቸዋለሽ" አለ።

ይኸው። የለመንኩት ሁሉ ተሰጠኝ። ጋሼን አየኋቸው። አሁንም ፈገግ እንዳሉ ናቸው፣ እጃቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ገብቶ ስልኩን ይዟል። ማታ ማታ ለባለቤታቸው የሚያሳዩት አረንጓዴ ታየኝ።

"እኔ ነኝ ያወጣኋቸው" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። "እሳቸው ምንም አልነኩም። ሐሙስ ማታ እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው።"

ኢንጂነር አየኝ፣ ጋሼን አየ፣ ከዚያ ፊቱ በራ። "እሺ፣ አንቺ ነሽ" አለ እንደ መሳቅ ብሎ። ወደ ወጣቶቹ ዞሮ "አያችሁ? የትልቅ ሰው ጥፋት እንዲህ ነው የሚሸፈነው። ተማሩ" አላቸው። ቆራጩ አጨበጨበ። አንዷ "እትዬ እኮ ሰው ናት" አለች። እኔ "እውነቴን ነው፣ ስሙኝ" ብል እነሱ ይበልጥ ፈገግ አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ጊዜ ልጅቷን አየኋት። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ላፕቶፗን ከፍታለች፣ እኔም ከጎኗ ስለቆምኩ ይታየኛል። ሰሌዳው ለካ ታሪክ የሚባል ገጽ አለው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ አድሚን የሆነ ሰው ያየዋል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት አድሚን ሆኜ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። ስሜ እዚያ ነበር። ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አስወጣች። ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ መለሰች። ላፕቶፑን ወደ ኢንጂነር ዞር ብታደርገው ያበቃ ነበር። ጋሼ ስማቸው ይነጻል፣ እኔ እወጣለሁ፣ እሷም ብቻዋን ትቀራለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አደርገው ነበር። እምላለሁ፣ አደርገው ነበር።

ልጅቷ ገጹን ዘጋችው። "ኢንጂነር፣ ጋሼ ሜምበር ሆነው ቢቆዩ ችግር የለውም" አለች በዚያ ቀስ ባለ ድምፅዋ። "ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ማንም ሰው ማውጣት እንዳይችል አስተካክዬዋለሁ። ራሱንም ሌላውንም።"

"ጎበዝ" አለ ኢንጂነር። ወደ ሥራው ዝርዝር ገባን።

ሰዉ ሲበተን ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ። "አይተሽዋል አይደል?" አልኳት።

"አዎ እትዬ።"

"ለምን አላሳየሽውም?"

ላፕቶፗን ከደነችው። "ጋሼ እኮ ሰው ፊት እኔ ነኝ ብለዋል" አለችኝ። "ከዚያ በኋላ እንዴት ውሸታም አደርጋቸዋለሁ?"

ስለ እኔ አልነበረም። ስለ እኔ ብላ ቢሆን ኖሮ ውለታዋን እጠላው ነበር፣ እሱም ይቀለኝ ነበር። እኔ እውነቱን ተናግሬ ነፍሴን ላሳርፍ ስል ሰውየውን ሰው ፊት ውሸታም እያደረግኋቸው እንደነበር አላሰብኩትም። ያን ሁሉ ጊዜ ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጬ ያላወቅሁትን፣ እሷ ጣውላ ክምር ሥር ቁጢጥ ብላ በአምስት ወር አወቀችው። ከዚያ በፊት ቀናሁ ያልኳችሁ ሁሉ ጨዋታ ነበር። የዚያን ጊዜ ቀናሁባት፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

"እሺ" አልኳት። ሄጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ሰሌዳውን ከፈትኩ። ስሜ አጠገብ ሜምበር ይላል።